ፈቃድና ዕዳ፤ የኪሳራ ጥበቃ በአሜሪካ ሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ላይ ያስነሣው ክርክር ታሪክ



ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ የኪሳራ ሕግና የሥራ ተቋራጮችን ፈቃድ በሚቆጣጠረው ሕግ መካከል ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለቆየው ግጭት ነው። ርእሱ ለጆሮ ደረቅ ቢመስልም ከበስተጀርባው የቆሙት ሁለት ሰዎች ደረቅ አይደሉም። አንደኛዋ የወጥ ቤቷን ግድግዳ አስፈርሳ፣ ለእድሳቱ ገንዘብ ከፍላ፣ ሥራው ተጀምሮ የቀረባት የቤት ባለቤት ናት። ሁለተኛው ያንን ሥራ የተቀበለው፣ ኋላ ግን በዕዳ ተውጦ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ያስገባው ሥራ ተቋራጭ ነው። ሴትዮዋ ሁለት ደጅ ትጠናለች። የኪሳራው ፍርድ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው ገንዘብ መጠየቅ ክልክል ነው ይላታል። ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ደግሞ አቤቱታሽን ተቀብያለሁ፤ ጥፋተኛ ሆኖ ካገኘሁት ፈቃዱን እነጥቀዋለሁ ይላታል። እንግዲህ ቦርዱ ሰውየውን «ገንዘቧን ካልመለስህ አትሠራም» ሊለው ይችላልን? የዛሬው ንግግሬ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደተነሣና እንዴት እንደተመለሰ ያስረዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ የራሳችንን ቃል ላስታውስ። «ቁራኛ» የምንለው ቃል ዛሬ በዘይቤ ይነገራል እንጂ ቀድሞ እውነተኛ ሰንሰለት ነበር። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አብረው ይውሉ ነበር። በሰንሰለት ያለ ሰው እንደ ልቡ ሠርቶ ገንዘብ አያገኝም፤ ታዲያ ዕዳውን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ይህ ጥያቄ ከአሜሪካኖቹ ክርክር ጋር ተመሳሳይ ነው፤ የእነርሱ ሰንሰለት ወረቀት መሆኑ ብቻ ይለያል።

የአሜሪካ ኮንግረስ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሦስት ጊዜ፣ በ1800፣ በ1841 እና በ1867 የኪሳራ ሕግ አውጥቶ ሦስቱንም ብዙ ሳይቆዩ ሽሯቸዋል። ጸንቶ የቆየው የ1898ቱ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ ዐቢይ ሐሳብ፣ ያለውን ንብረት በሐቅ አስረክቦ ባዶ እጁን የቀረ ባለዕዳ ከቀሪው ዕዳ ነጻ ወጥቶ ኑሮውን እንደገና ይጀምር የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1934 ዓ.ም. «ሎካል ሎን» በሚባለው ጉዳይ ሐሳቡን አጠናክሮታል። በዚያ ጉዳይ አበዳሪው የባለዕዳው የወደፊት ደመወዝ ለብድሩ መያዣ ሆኖልኛልና ከኪሳራው በኋላም እሰበስበዋለሁ ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የሰው ልጅ ነገ ሠርቶ የሚያገኘው ገቢ ለትናንት ዕዳ ታስሮ የሚኖር ከሆነ የኪሳራ ሕግ ትርጉም ያጣል ሲል ወሰነ።

የሥራ ተቋራጮች ፈቃድም የተወለደው በእነዚያው ዓመታት አካባቢ ነው። ካሊፎርኒያ የፈቃድ ሥርዓቷን በ1929፣ አሪዞና ደግሞ በ1931 አቋቋሙ። ሕዝብን ከማይችል ግንበኛና ከአታላይ መጠበቅ ዓላማቸው ነበር። ይሁን እንጂ የግንባታ ሥራ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለውና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ግንባታ ከዳር እስከ ዳር በዱቤ የተሠራ ሥራ ነው። የቤቱ ባለቤት ገና ላልተሠራ ሥራ ቅድሚያ ትከፍላለች። ተቋራጩ ጣውላውንና ሲሚንቶውን ከአቅራቢ በዱቤ ይወስዳል፤ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋውና ቧንቧ የሚገጥመው ንዑስ ተቋራጭ ሠርቶ ኋላ ይከፈለዋል። በዚህ ላይ በካሊፎርኒያ ከ1879ኙ ሕገ መንግሥት ጀምሮ የተጠበቀ አንድ መብት አለ። ዕቃ ያቀረበ ወይም ጉልበቱን ያፈሰሰ ሰው ክፍያ ካላገኘ በተሠራው ቤት ላይ የመያዣ መብት ያስመዘግባል። ስለዚህ ባለቤቲቱ ለዋናው ተቋራጭ ሙሉ ዋጋውን ከፍላ ጨርሳ እንኳ፣ እሱ ገንዘቡን ለጣውላ አቅራቢው ሳያደርስ ከከሰረ፣ ቤቷ እንዳይሸጥባት ያንኑ ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ልትከፍል ትችላለች። አንድ ተቋራጭ ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም። ሕግ አውጪዎቹ የተቋራጭን ዕዳ አለመክፈል ከሌላ ነጋዴ ዕዳ ለይተው በክፉ ዓይን ማየታቸው ከዚህ የመነጨ ነው፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም።

ካሊፎርኒያ በዚህ መንፈስ ባወጣችው ሕግ፣ ተቋራጩ በሥራው ምክንያት የገባበትን ዕዳ በኪሳራም ሆነ ከባለገንዘቦቹ ጋር በሚያደርገው ስምምነት ከሙሉው አሳንሶ ከጨረሰ፣ ይህ ድርጊት ራሱን ችሎ የዲሲፕሊን ጥፋት እንዲሆን ደነገገች። ልብ በሉ፤ ማታለል መኖሩ ወይም ሥራው መበላሸቱ አይጠየቅም። ፌዴራላዊው ሕግ «ነጻ ነህ» ያለውን ሰው የክፍለ ግዛቱ ሕግ «ነጻ በመውጣትህ ጥፋተኛ ነህ» ይለዋል።

ይህ ሊጸና ይችላልን? መልሱ የመጣው ከግንባታ ሳይሆን ከመኪና መንገድ ነው። በመኪና አደጋ ሰው ጎድቶ ካሣ እንዲከፍል የተፈረደበት ሹፌር ፍርዱን ካልፈጸመ የመንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ደንግገው ነበር፤ ሹፌሩ በኪሳራ ነጻ ቢወጣም እገዳው አይነሣም። በ1941 ከኒው ዮርክ የመጣው የሬይትዝ ጉዳይ፣ በ1962 ደግሞ ከዩታ የመጣው የኬስለር ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረቡ። ሁለቱንም ጊዜ አብላጫው ድምፅ ለክፍለ ግዛቶቹ ፈረደ። ሕጉ ዕዳ ለማስከፈል ሳይሆን ግድየለሽ ሹፌሮችን ከመንገድ ለማራቅ የወጣ ነው፤ ዓላማው የመንገድ ደኅንነት እስከሆነ ድረስ ከኪሳራ ሕጉ ጋር አይጋጭም ተባለ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1965 በትሬሲ ጉዳይ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ በኪሳራ ዕዳውን የጣለን ተቋራጭ መቅጣት የሚፈቅደውን ሕግ አጸናው።

በእኔ ግምት የእነዚህ ውሳኔዎች ድክመት አንድ ላይ ነው። እገዳው የሚነሣው ሹፌሩ መንዳት ሲማር አይደለም፤ ሲከፍል ነው። የከፈለ መጥፎ ሹፌር ይነዳል፤ ያልከፈለ ጥሩ ሹፌር ግን በእግሩ ይሄዳል። ቁልፉ ገንዘብ የሆነ መቆለፊያ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የዕዳ ማስከፈያ ነው።

ይህ አመክንዮ ያሸነፈው በ1971 በፔሬዝ ጉዳይ ነው። በአሪዞና፣ ተሶን ከተማ፣ በ1965 የመኪና አደጋ ይደርሳል። መኪናው መድን አልነበረውም። ከ2,400 ዶላር ጥቂት የሚያልፍ ፍርድ ተፈረደ፤ ባልና ሚስቱ መክፈል ስላልቻሉ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደው ነጻ ወጡ። አሪዞና ግን የመንጃ ፈቃዳቸውን አገደች። ሕጓም በኪሳራ ነጻ መውጣት ከዚህ ግዴታ አያድንም የሚል ግልጽ ቃል ነበረው። ዳኛ ባይረን ዋይት ለአምስቱ ዳኞች በጻፈው ውሳኔ፣ የክፍለ ግዛት ሕግ ከፌዴራል ሕግ ጋር መጋጨቱ የሚለካው በዓላማው ሳይሆን በውጤቱ ነው አለ። እንደዚያ ካልሆነማ የትኛውም ምክር ቤት በሕጉ መግቢያ ላይ አንድ መልካም ዓላማ እየጻፈ የኮንግረስን ሥራ ሊያፈርስ ይችላል። የኬስለር ውሳኔ ተሻረ፤ የሬይትዝም አብሮ ወደቀ።

የተለየውን ድምፅ ማለፍ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ዳኛ ብላክመን ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር፣ አሽከርካሪ ያልነበረችውን ሚስት በሚመለከት ከአብላጫው ጋር ተስማምቶ፣ ባልየውን በሚመለከት ግን ተለየ። በመንገድ ላይ የሚያልቀውን ሕዝብ አስታውሶ፣ ይህን ማስቆም ክፍለ ግዛቶች ከፌዴራሉ መንግሥት ይልቅ በቅርብ የሚያውቁት ጉዳይ ነው አለ። ዛሬ በእኛ ርእስ ላይ ለቦርዶች የሚከራከር ሰው ሁሉ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ የብላክመንን ድምፅ ያስተጋባል።

ከፔሬዝ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግራይምስ ጉዳይ ወደ ተቋራጮቹ ሕግ ተመለሰ። በትሬሲ ጉዳይ የሰጠውን የገዛ ራሱን ውሳኔ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሻረ። ዕዳውን በኪሳራ ስለጣለ ብቻ የተቋራጭን ፈቃድ ማገድ ከፌዴራሉ ሕግ ጋር ይጋጫል፤ በሚጋጭበትም ጊዜ የበላይ የሚሆነው የፌዴራሉ ነው ተባለ። በእኔ ዘንድ የርእሳችን ዋና መታጠፊያ ይህ ውሳኔ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገባውን ያህል ቦታ ሲሰጠው ግን አላይም። መንጃ ፈቃድ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ነው። የተቋራጭ ፈቃድ ግን እንጀራ ነው፤ ሰውየው አዲሱን ኑሮ የሚጀምርበት ብቸኛ መሣሪያ እሱው ነውና።

ኮንግረስ በ1978 የ1898ቱን ሕግ በአዲስ ሲተካ የፔሬዝን ሐሳብ በአንቀጽ 525 አሰፈረው። የመንግሥት አካል አንድን ሰው በኪሳራ ሕግ ስለተጠለለ፣ አቅም ስላጣ፣ ወይም በኪሳራው ሊሰረዝ የሚችልን ዕዳ ስላልከፈለ ብቻ ፈቃድ ሊከለክለው፣ ሊያግድበት፣ ሊሰርዝበት ወይም አላድስም ሊለው አይችልም። አንቀጹ የሚከፈተው ግን በልዩ ሁኔታዎች ነው። ከነዚህም መካከል የ1930ው የአትክልትና ፍራፍሬ ንግድ ሕግና የ1921ዱ የከብትና የሥጋ ንግድ ሕግ ይገኛሉ። የሚበላሽ ምርት ለነጋዴ በዱቤ የሚሰጥ ገበሬ ልዩ ጥበቃ ያስፈልገዋል ተብሎ ነው። እንግዲህ ኮንግረስ የተለየ ጥበቃ መስጠት ሲፈልግ እንዴት እንደሚጽፈው ያውቃል። ለቲማቲም ሻጩ ጻፈ፤ የወጥ ቤቷን ግድግዳ ላስፈረሰችው ሴት ግን አልጻፈም። ይህ ዝምታ ለትርጓሜ ትልቅ ክብደት አለው።

በዚያው ጊዜ የምክር ቤቱ ዘገባዎች አንድ በር ክፍት ትተዋል። ፈቃድ ሰጪው አካል የአመልካቹን የወደፊት የገንዘብ አቅምና ኃላፊነት ሊመረምር ይችላል፤ በሁሉም ላይ በእኩልነት እስከተፈጸመ ድረስ የካፒታል መጠን ሊጠይቅም ይችላል። የተከለከለው ወደ ኋላ እያዩ ያለፈውን ዕዳ የፈቃድ ዋጋ ማድረግ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቦርዶች ሥራ መልኩን ለወጠ። ክሱ ለምን አልከፈልክም ከማለት ወጥቶ ለምን እንዲህ ሠራህ ወደ ማለት ተሸጋገረ። ሥራን ያለ ሕጋዊ ምክንያት ጥሎ መሄድ፣ ለአንድ ቤት የተከፈለን ገንዘብ ለሌላ ቤት ማዋል፣ የግንባታ ደረጃን መጣስ፣ ማጭበርበር፤ እነዚህ ዕዳ ቢሰረዝም የማይሰረዙ ድርጊቶች ናቸው። የኪሳራ ማመልከቻ ሲገባ በሕግ ኃይል የሚጸናው እግድም አያቆማቸውም። አንቀጽ 362 የመንግሥት አካል የቁጥጥር ሥልጣኑን እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው የገንዘብ ፍርድ ማስፈጸምን ነው። ስለዚህ ቦርዱ ምስክር ሰምቶ ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል፤ ዕዳውን ግን ሊያስከፍል አይችልም። የካሊፎርኒያም ሕግ ተሻሽሎ፣ በፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ዕዳውን ያቃለለ ተቋራጭ በዚህ ብቻ እንዳይከሰስ፣ ነገር ግን በኪሳራው ያልተሰረዘውን ዕዳ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል።

«ያልተሰረዘውን» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ተሸክማለች። በማታለል የተገኘ ገንዘብ በኪሳራ አይሰረዝም። ይህ ግን በራሱ የሚሆን አይደለም። የተታለለችው ሴት ራሷ በኪሳራው ፍርድ ቤት ልዩ ክስ ማቅረብ አለባት፤ ጊዜው ደግሞ ለባለገንዘቦች ስብሰባ ከተቀጠረው የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 60 ቀን ነው። ለቦርዱ አቤት ያለች ሴት፣ ቦርዱ ነገሩን ይዞልኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ይህ ጊዜ ሊያልፍባት ይችላል። ያኔ ገንዘቧ በማታለል የተወሰደ ቢሆንም ዕዳው ይሰረዛል። ቦርዱ በኋላ ሰውየው አታላይ ነው ብሎ ፈቃዱን ቢነጥቀው ፍርዱ ትክክል ነው፤ ለእሷ ግን አንዲት ሳንቲም አይመልስላትም። በኪሳራ ሕግና በዲሲፕሊን መካከል ካለው ክፍተት ይበልጥ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ ጉዳቱም በሕጉ ክፋት ሳይሆን ሁለቱ ደጆች እርስ በርሳቸው ስለማይነጋገሩ የሚደርስ ነው።

ስለ «ብቻ» የተነሣው ክርክርም ረጅም ነው። ቦርዶች ፈቃዱን ያገድነው ስላልከፈለ ብቻ ሳይሆን ሕዝብን ለመጠበቅ ስለፈለግን ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኔክስትዌቭ ጉዳይ ይህን መከራከሪያ ዘጋው። ኩባንያው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሆነ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ በጨረታ አሸንፎ፣ ዋጋውን ከፍሎ ሳይጨርስ ወደ ኪሳራ ጥበቃ ገባ፤ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ፈቃዶቹ ተሰርዘዋል አለ። ዳኛ ስካሊያ የጻፈው የአብላጫ ውሳኔ ግን የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ዓላማ አያገባንም የሚል ነው። ፈቃዱ የተሰረዘበት የቅርብ ምክንያት ዕዳው አለመከፈሉ ከሆነ አንቀጽ 525 ተጥሷል። በቢሊዮን የሚቆጠር የሞገድ ፈቃድና የአንድ ሰድር አንጣፊ ፈቃድ በአንድ ሚዛን ተለኩ።

ታዲያ የተጎዳችው ባለቤት ከየት ትካሳለች? መልሱ ከጉዳቱ በፊት የሚሰጥ ዋስትና ነው። በካሊፎርኒያ እያንዳንዱ ባለፈቃድ የዋስትና ቦንድ ያስይዛል። ይህ ቦንድ የተቋራጩ ኪሳራ የማይነካው የሌላ ሰው፣ የዋሱ፣ ግዴታ ነው። በ2016 ለተቋራጮች የነበረው የ2,500 ዶላር የሥራ ካፒታል ግዴታ ሲቀር ቦንዱ ከ12,500 ወደ 15,000 ዶላር ከፍ አለ፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ 25,000 ሆኗል። ለቤት እድሳት የሚጠየቅ ቅድሚያ ክፍያም ከ1,000 ዶላር ወይም ከውሉ ዋጋ ከአንድ አሥረኛው፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ ሊበልጥ አይችልም። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። ያልተሰጠ ገንዘብ አይጠፋም፤ ፍርድ ቤትም አይፈልግም። የቦንዱ መጠን ግን ዛሬም ያንሳል። 25,000 ዶላር ለአንድ ቤት እድሳት እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ሲሆን፣ የአንድ ተቋራጭ ተጎጂዎች ብዙ ሲሆኑ ተካፍለው የሚወስዱት ነው። ሕግ አውጪዎቹ ፈቃዱን የዕዳ መያዣ ማድረግ ከተከለከሉ ወዲህ ምትኩን በሙሉ አላሟሉም ለማለት እደፍራለሁ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ክርክር በዋናነት የሚመለከተው የተፈጥሮ ሰውን ነው። ንብረቱ ተሸጦ የሚበተን ኩባንያ ከዕዳ ነጻ የሚያወጣ ትእዛዝ አያገኝም፤ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። ሰውየው አዲስ ኩባንያ ይዞ ሲመጣ ቦርዱ ኃላፊ ሆኖ የሠራበትን የቀድሞውን ድርጅት ታሪክ ማየቱ ሌላ ሰፊ ርእስ ነውና አልፈዋለሁ።

ያልተዘጋው ምዕራፍ የማካካሻ ፈንዶች ጉዳይ ነው። በርካታ ክፍለ ግዛቶች፣ አሪዞናና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ከባለፈቃዶች ከሚሰበሰብ ገንዘብ ፈንድ አቋቁመው የተጎዱ የቤት ባለቤቶችን ይክሳሉ። ፈንዱ ከከፈለ በኋላ ግን በባለቤቲቱ ቦታ ተተክቶ ተቋራጩን ገንዘቤን መልስ ይለዋል። ይህ ዕዳ በኪሳራ ይሰረዛልን? ካልተመለሰስ ፈቃዱ ታግዶ ሊቆይ ይችላልን? የዘጠነኛው ዙር ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ወደዚህ የቀረበ ነገር የወሰነው በካሊፎርኒያ ጠበቆች ጉዳይ ነው። በ2016 አንዲት ጠበቃ ለቀድሞ ደንበኛዋ እንድትመልስ የተወሰነባት የአገልግሎት ክፍያ በኪሳራ ሊሰረዝ የሚችል ዕዳ ነው አለ። በ2022 ደግሞ የጠበቆች ማኅበሩ የደንበኞች መጠበቂያ ፈንድ ለተጎጂዎች ከፍሎ ከጠበቃው የሚጠይቀው ገንዘብ የደረሰን ኪሣራ የሚተካ እንጂ መቀጮ ስላልሆነ ይሰረዛል ሲል ወሰነ። የዲሲፕሊን ክሱ የፈጀው ወጪ ግን የቅጣት ጠባይ ስላለው አይሰረዝም።

ይህ አመክንዮ በተቋራጮች ፈንድ ላይ ቢሠራበት፣ ፈንዱ ለባለቤቲቱ የከፈለው ገንዘብ ይሰረዛል፤ ፈቃዱንም በዚያ ዕዳ ምክንያት አግዶ ማቆየት በአንቀጽ 525 ፊት ለመቆም ይቸገራል። ፈንዱን የሚሞሉት በሐቅ የሚሠሩት ተቋራጮች ናቸውና ጉድለቱ በእነርሱ ላይ ያርፋል። እኔ ይህን ከመቀበል ወደኋላ አልልም፤ የአንድ ሙያ ባለቤቶች በፈቃዳቸው ከሚያገኙት ጥቅም ላይ ለሙያቸው ስም የሚከፍሉት መድን አድርጌ አየዋለሁ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች በአዳራሹ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁና መድረኩን ለጥያቄና ለክርክር እለቃለሁ።